ዳገቱ ለሞተሩ፤ ቁልቁለቱ ለነጂው

የመስክ ሥራ ያለበት ወጣት ሠራተኛ ሐዋሳ ከተማ ተመድቦ ጥቂት ወራት እንደ ቆየ አንድ ነገር ሳያስብ አይቀርም፤ ይኸውም ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። የግብርና ባለሙያ ቢሆን የቡና ችግኝ ወደሚተከልበት ቀበሌ መድረስ አለበት። የጤና ባለሙያ ቢሆን የክትባቱን ሣጥን ይዞ በቀጠሮው ሰዓት መገኘት አለበት። የትምህርት ተቆጣጣሪም ቢሆን ከመንገድ ዳር ርቀው የተሠሩትን ትምህርት ቤቶች በዓይኑ ካላየ ሥራውን ሠራ አይባልም። አውቶቡስ አስፋልቱን አይለቅም፤ ባጃጅ ከጭቃ ጋር አይስማማም፤ በእግር መሄድም ቀኑን ሙሉ ይወስዳል።

አዲስ ሞተር ብስክሌት መግዛት ደግሞ ለጀማሪ ደመወዝተኛ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የብዙዎች ዓይን ወደ አሮጌዎቹ ይመለሳል። ከአሮጌዎቹም መካከል በገጠር ሥራ ስማቸው የታወቀ ሁለት የጃፓን ወንድማማቾች አሉ፤ እነሱም ያማሃ ዲ.ቲ. 125 እና ያማሃ ዲ.ቲ. 175 ናቸው። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ናቸው። ሁለቱም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም እንዲሆኑ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ጧት ሲነሡ ሰማያዊ ጭስ እየተፉ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻሉ።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ጉልበት የሌለው ሞተር ምን ሞተር ነው? ባለ 175 ነው እንጂ!» ይላል። ሌላው ወገን «ቤንዚኑን ማን ሊከፍልልህ ነው? ባለ 125 ይበቃሃል» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ይቀጥላል፤ የቀረበውም ሻይ ይቀዘቅዛል። እኛ ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ መንገዱ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘነው። የሚከራከሩት ስለ ዳገቱ ነው። ዳገት የወጣ ሁሉ ግን መውረዱ አይቀርም፤ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሰውን በብርቱ የሚፈትነውም በመውረዱ ላይ ነው። ይህን ከማስረዳታችን በፊት የሁለቱን ወንድማማቾች ትውልድና ጠባይ እናስተዋውቅ።

ትውልዳቸው

ያማሃ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ዲ.ቲ. 1 የተባለውን የመጀመሪያውን ዓይነት ለገበያ ያቀረበው በ1960 ዓ.ም.፤ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ነው። (ስለ ፋብሪካው ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሞተሩ ስፋት 246 ሲሲ ነበር። ከዚያ በፊት ከአስፋልት ወጥቶ መሄድ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ የከተማውን ሞተር ብስክሌት ማርሚታውን ወደ ላይ አንሥቶ፥ ጎማውን ለውጦ በግድ ወደ ጭቃ ይነዳው ነበር። ዲ.ቲ. 1 ግን ከመጀመሪያው ለሁለቱም መንገድ ታስቦ የተሠራና ቀላል ስለ ነበረ በአሜሪካ አገር እጅግ ተወደደ። በሚቀጥለው ዓመት በ1969 ፋብሪካው ታናናሾቹን ባለ 125ንና ባለ 175ን አስከተለ፤ ሁሉም በኋላ ዲ.ቲ. የሚለውን ስም ወረሱ።

በ1972 ቤንዚንና አየር ወደ ሞተሩ በሚገቡበት በር ላይ እንደ ምላስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀጫጭን መዝጊያዎች ተጨመሩ። በዚህም ምክንያት ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበትም ጊዜ ደኅና አድርጎ መጎተት ቻለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ ይዘውት የነበሩት ሁለት ሞላዎች ቀርተው ከመቀመጫው ሥር በተጋደመ በአንድ ሞላ ተተኩ። የኮረኮንች መንገድ ወገቡን ያንገላታው ሰው ሁሉ የዚህ ማሻሻያ ጥቅም ሳይነገረው ይገባዋል።

ባለ ሁለት ምት ማለት ምንድር ነው?

ዛሬ በከተማችን የሚታዩት አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች ባለ አራት ምት ናቸው። ባለ አራት ምት ሞተር አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ይጨምቃል፤ ያቃጥላል፤ ጭሱን ያስወጣል። ይህን ሁሉ ሠርቶ እስኪጨርስ ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ባለ ሁለት ምት ግን ያንኑ ሥራ ዘንጉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ይፈጽመዋል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከስፋቱ በላይ ጉልበት ያወጣል። በቴስታታው ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች የሉትም፤ ፒስቶኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፥ ይዘጋል። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ጥቂት ስለ ሆነም መካኒክ ባልበዛበት አገር ለመጠገን ይመቻል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ከሥሩ አጠራቅሞ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ባለ ሁለት ምት ግን ቤንዚኑና አየሩ የሚያልፉት በዋናው ዘንግ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ፥ ፒስቶኑንና ኩሽኔታውን አለስልሶ፥ በመጨረሻ አብሮ ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ ይኸው ዘይት ነው። ያማሃ ከ1964 ጀምሮ ዘይቱን ከሌላ ጋን እየመጠነ የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ አዘጋጅቷል። ፓምፑ ከነዳጅ መስጫው ጋር በሽቦ የተያያዘ ነው፤ እጅ ነዳጁን ሲከፍት ዘይቱ ይጨምራል፤ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል። አንባቢያችን ይህችን ነገር በልቡ ያኑራት፤ ኋላ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ እንመለስባታለን።

የተማሪ ሂሳብ

አሁን ወደ ሁለቱ ልዩነት እንምጣ። ብዙ ሰው ባለ 125ና ባለ 175 ፈጽሞ የተለያዩ ይመስሉታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሁለቱም ፒስቶን ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው 50 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነታቸው በጎን ስፋት ነው፤ የባለ 125ቱ ሲሊንደር 56 ሚሊ ሜትር፥ የባለ 175ቱ 66 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ክርክሩን ሁሉ ያስነሣው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለት የአንድ ትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ነው።

የክብን ስፋት ማውጣት የተማረ ሁሉ ሂሳቡን ሊሠራው ይችላል። የመጀመሪያው 123 ሲሲ፥ ሁለተኛው 171 ሲሲ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ባለ 125 የሚባለው በትክክል 125 አይደለም፤ ባለ 175 የሚባለውም 175 አይደለም። ታላቁ ከታናሹ የሚበልጠው ከመቶ 39 እጅ ያህል ነው። ክብደታቸው ግን ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ወደ 100 ኪሎ ግራም የተጠጉ ናቸው።

ይህ ስፌት ግን የተሠፋው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው፤ የእኛ አገር ደግሞ ደጋ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው እስትንፋስ ያንሳል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከሐዋሳ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ምሥራቅ ተወጥቶ የሚደረስባት ሀገረ ሰላም ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ 171ን ብንወስድና ሀገረ ሰላም ላይ ከመቶ 27 እጁን ብንቀንስበት የሚቀረው 125 ያህል ነው። ባለ 175ን ገዝቶ ሀገረ ሰላም የወጣ ሰው በጉልበት በኩል የሚነዳው፤ ባለ 125ን ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደሚነዳ ሰው ነው። ባለ 125ን ይዞ የወጣውማ እዚያ የሚቀርለት የ90 ሲሲ ጉልበት ነው።

ይህን ያየ ሰው «እንኪያስ ባለ 175ን መግዛት ግዴታ ነዋ!» ይል ይሆናል። ጥቂት ይታገሠን፤ ጭነት የሚባልም ነገር አለ። የነጂው ክብደት 65 ኪሎ ቢሆን ከሞተር ብስክሌቱ ጋር 165 ይሆናል። ከኋላው ሌላ 65 ኪሎ የሚመዝን ጓደኛና 20 ኪሎ ዕቃ ቢጭን 250 ይሆናል። ጭነቱ በግማሽ ሲጨምር የታላቁ ሞተር ብልጫ ግን ከመቶ 39 ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰውና ዕቃ የጫነ ባለ 175፤ አንድ ሰው ብቻ ከያዘ ባለ 125 ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይቀራል። «ሞተሬ ትልቅ ነው» ብሎ ጓደኛም ዕቃም የሚጭን ሰው ታላቅነቱን ሁሉ በጓደኛውና በዕቃው ያስበላዋል ማለት ነው።

ሜዳውና ዳገቱ

በከተማው ውስጥና በሜዳው ላይ ክርክር የለም። የሐዋሳ መንገድ ሰፊና ደልዳላ ነው። ከሐይቁ ዳር እስከ ቱላ፥ ከቱላም በአስፋልቱ ወደ አፖስቶና ወደ ይርጋለም ለሚመላለስ፤ ብቻውንም ለሚጓዝ ሰው ባለ 125 ከበቂ በላይ ነው። ቤንዚንና ዘይት የሚጠጣው ያንሳል፤ በሰው መካከል ቀስ እያለ ሲሄድም ገራም ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ባለ 175 መግዛት ገበያ ለመሄድ ሰንጋ ፈረስ እንደ መጫን ነው፤ ያምራል እንጂ አያስፈልግም።

ዳገቱ ላይ ግን ታላቁ ታላቅነቱን ያሳያል። በበልግና በክረምት የሲዳማ ቀይ አፈር በዝናብ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በዚያ ላይ ባለ 125ን ለማውጣት ነጂው ሞተሩን አስጩሆ መያዝ አለበት። ጉልበቱ የሚገኘው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ስለ ሆነ ትንፋሹ ማጠር ሳይጀምር በጊዜ ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ነገር ግን የሚጮህ ሞተር የኋላ ጎማውን በጭቃ ላይ ያሽከረክረዋል። ባለ 175 ግን በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ፥ ቀስ ብሎ እየዞረ፥ ጭቃውን እየረገጠ ይወጣል። ልዩነቱ የበቅሎና የፈረስ ሳይሆን፤ ያልደከመች በቅሎና የደከመች በቅሎ ልዩነት ነው።

ስለ ቤንዚንም የሚባለው ሁሉ ትክክል አይደለም። ታናሹ ሞተር በሜዳ ቆጣቢ ነው። ዳገት ላይ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲጮህ ግን ቁጠባው ይቀራል፤ ታላቁ ደግሞ ያንኑ ዳገት በግማሽ ነዳጅ መስጫ ሊወጣው ይችላል። ዘወትር ደጋ የሚወጣ ሰው በባለ 125 እቆጥባለሁ ብሎ ቢያስብ ሂሳቡ ሳይስተካከልለት ይቀራል። ከዚህም በላይ ሁለቱም ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በንፋስ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ዳገት የሚወጣ ሞተር ንፋስ ስለማያገኝ አልፎ አልፎ ጥላ ሥር አቁሞ ማሳረፍ ለሁለቱም የተገባ ነው። በቅሎም ብትሆን ዳገት አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ይሰጣታል።

ቁልቁለቱ

አሁን የነገራችን ዋና ፍሬ ላይ ደረስን። ሁለት ወጣት ሠራተኞች እናስብ፤ አንዱ የግብርና፥ አንዱ የጤና ባለሙያ። አንዱ ባለ 175፥ አንዱ ባለ 125 ይዘው ሀገረ ሰላም ውለው ወደ ሐዋሳ ሊመለሱ ነው። ጧት ሲወጡ ባለ 175ቱ ቀድሞ ደርሶ ጓደኛውን ሲጠብቅ ነበር። ወደ ማታ ሲመለሱ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የሚስበው የምድር ስበት ነውና 125 ወይም 175 አይልም። ከሀገረ ሰላም እስከ ሐዋሳ መንገዱ በድምሩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 165 ኪሎ የሚመዝን ነገር 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 5 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። 250 ኪሎ ከሆነ ደግሞ 8 ሊትር ሊጠጋ ይችላል። ከዚህ ከፊሉን ንፋሱና መንገዱ ይወስዱታል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ የሚገባው በሁለቱ የፍሬን ቤቶች ውስጥ ነው።

የእነዚህ የቆዩ ዲ.ቲ.ዎች ፍሬን ደግሞ በቸርኬው እምብርት ውስጥ የተዘጋ፥ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተከፍቶ የሚያሽ ዓይነት ነው። ሲግል ቶሎ አይበርድም፤ በጣም ሲግልም መያዝ ይቀንሳል። ወንዝ ተሻግሮ ውሃ ከገባበትም እስኪደርቅ ድረስ አያስተማምንም። ባለ አራት ምት ሞተር ቢሆን ነዳጁ ሲዘጋ በሞተሩ ኃይል ጎማውን ይዞ ፍሬኑን ያግዛል። ባለ ሁለት ምት ግን ይህ ችሎታው ደካማ ነው። ስለዚህ ከባለ አራት ምት ወደ ባለ ሁለት ምት የተዛወረ ነጂ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ «ሞተሩ ለምን አይዝልኝም?» ብሎ መደንገጡ አይቀርም።

ከዚህ የባሰም አለ። ቀደም ሲል ዘይቱ ነዳጅ መስጫውን ይከተላል ብለናል። ነጂው ነዳጁን ዘግቶ በማርሽ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ያዞረዋል፤ የሚገባው ዘይት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ፓምፑ በደኅና የሚሠራ ከሆነ ጥቂትም ቢሆን ይሰጣል። ነገር ግን በብዙ አሮጌዎች ላይ ፓምፑ ተነቅሎ ዘይቱ በእጅ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው። ዘይት ያጣ ፒስቶን ይግላል፤ ሲግል ያብጣል፤ ካበጠ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ሞተሩ ቀጥ ሲል የኋላው ጎማም አብሮ ቀጥ ይላል፤ ጎማው በጠጠር ላይ ሲንሸራተት ነጂው ከመሬት ይገናኛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። አንደኛ፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከፍሪሲዮኑ አይለዩ። ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ወይም ሲከብድ ፍሪሲዮኑን ወዲያው መጨበጥ ጎማውን ከሞተሩ ይለያል፤ የኋላውን ጎማ ነፃ ያወጣል። ሁለተኛ፤ እየወረዱ አልፎ አልፎ ፍሪሲዮኑን ይዞ ነዳጁን ለአፍታ ከፈት ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ጥቂት ዘይት ይጎነጫል። ሦስተኛ፤ ሁለቱን ፍሬኖች አንድ ላይ ያዝ ለቀቅ እያሉ መጠቀምና ሲግሉ መንገድ ዳር ቆሞ ማብረድ ነው። ሐኪሙ ባለበት ከተማ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ፤ ሐኪሙ ዘንድ ከመድረስ ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች አባባል ለቁልቁለት የተነገረ ይመስላል።

የባለ 175ቱ ነጂ በተለይ ይጠንቀቅ እንላለን። ጧት ዳገቱን በቀላሉ ስለ ወጣው ቁልቁለቱንም በዚያው ልብ ሊወርደው ይቃጣዋል። ዳገቱ የፈተነው ሞተሩን ነበር፤ ቁልቁለቱ የሚፈትነው ግን ራሱን ነው።

ከመግዛት በፊት

ለመግዛት የተነሣ ሰው ስለ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት የሚከተሉትን ቢመረምር ይጠቀማል። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይሂድ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ይጠርጥር። ሲነሣ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱ የተፈጥሮው ነው። ከሞቀ በኋላም ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነና የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ከሄደ፤ ዘይት የሚያግደው የዋናው ዘንግ የጎማ ቀለበት አልቆ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ነዳጁ ተዘግቶ ሳለ ሞተሩ በራሱ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ በሌላው ወገን አየር እየገባ እንደ ሆነ መጠርጠር ነው፤ ይህም ፒስቶኑን ያቃጥላል።

ሁለተኛ ካንዴላው ይፈታና ይታይ። የካንዴላ ጫፍ የማኪያቶ ቀለም ካለው ደኅና ነው። ጠቁሮ በዘይት ከራሰ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። በደጋ ያለ ሰው አየሩ ስለ ሳሳ ቤንዚኑን በካርቡራቶሩ ላይ ያስቀንሳል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ለደጋ የተስተካከለውን ሞተር ሳያስመልስ ወደ ቆላ ይዞት ቢወርድና በፍጥነት ቢነዳው ፒስቶኑ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ፒስቶኑ ስንተኛ ልኩ እንደ ሆነ ሻጩ ይጠየቅ። ሲሊንደር ሲበላ በማሽን ሰፍቶ በሩብ በሩብ ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ፒስቶንና ፋሻ ይገባለታል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። የመጨረሻው ልክ ላይ የደረሰ ሲሊንደር ከዚያ በኋላ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። አራተኛ፤ የዘይቱ ፓምፕ መኖሩና መሥራቱ ይረጋገጥ። ተነቅሎ ከሆነ የሚቀላቀለው የባለ ሁለት ምት ዘይት ብቻ ይሁን፤ ልኩም በዘይቱ ዕቃ ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን። በድሮው ልማድ 1 ለ20 ሲባል ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጥ ቤንዚንም መጠንቀቅ ነው፤ ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩን ያንኳኳዋል፥ ያግለዋልም።

አምስተኛ፤ የፍሬኑ ሸራ ይታይ። በመጨረሻም የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቁጥሩ የማይስማማ ሞተር ብስክሌት ርካሽ ቢሆንም እንኳ በኋላ የሚያስከትለው ክስና ምልልስ ርካሽ አይደለም።

የእኛ ፍርድ

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ እኛ በበኩላችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሥራው በሐዋሳና በዙሪያዋ፥ በይርጋለምም መንገድ ለሆነ፤ ብቻውንም ለሚጓዝ ሰው ባለ 125 ይበቃዋል። ዘወትር ወደ ሀገረ ሰላምና ወደ መሰሎቿ ደጋዎች ለሚወጣ፥ ዕቃም ለሚጭን ሰው ባለ 175 ይሻለዋል። ነገር ግን ከፊቱ ሁለት ዕቃዎች ቢቀርቡለት፤ አንደኛው ፍሬኑ ያለቀና ፓምፑ የተነቀለ ባለ 175፥ ሌላው ፍሬኑ ደኅና የሆነና ፓምፑ የሚሠራ ባለ 125 ቢሆን፤ ደጋ የሚወጣውም ሰው ቢሆን ባለ 125ን ይውሰድ። ዳገት ላይ የሚጎድለውን በትዕግሥት ሊተካው ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ የሚጎድለውን ግን በምንም አይተካውም። ለታላቁ ሞተር ሊጨምር ካሰበው ገንዘብም በመጀመሪያ አዲስ የፍሬን ሸራና የራስ መከላከያ ቆብ ይግዛበት።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። የባለ ሁለት ምት ዘመን አልፏል። በአሜሪካ ከ1978 ጀምሮ የሞተር ብስክሌት ጭስ በሕግ ሲወሰን፥ ሌሎችም አገሮች ሲከተሉ፤ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ባለ አራት ምት መለሱ። ምክንያቱም እውነት ነው። ባለ ሁለት ምት ዘይት ከማቃጠሉም በላይ ከሚገባው ቤንዚን ከፊሉን ሳያቃጥል በማርሚታው በኩል ይለቀዋል። ሥራው ከከተማ የማይወጣ ሰው ባለ አራት ምቱን ቢመርጥ ለኪሱም ለጎረቤቱም ሳንባ ይበጃል። አሮጌው ዲ.ቲ. ቦታው ሌላ ሞተር በማይደርስበት ኮረኮንችና ጭቃ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን መለዋወጫው እስከ ተገኘ ድረስ ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ የተማረውን ትምህርትና የመንግሥትን አደራ ይዞ ወደ ገበሬው የሚሄድ ሰው ነው። ገበሬው የሚጠብቀው ሞተሩን አይደለም፤ እሱን ነው። የቡናውን በሽታ የሚያሳየው፥ ልጁን የሚያስከትበው በዚህ ሳምንት ብቻ አይደለም፤ በሚመጣውም ሳምንት፥ በሚመጣውም ዓመት ነው። ስለዚህ ጉልበት የሚለካው ዳገቱን በወጡበት ፍጥነት ሳይሆን በማግሥቱም ተመልሶ ለመውጣት በመቻል ነው እንላለን።